የወታደር ካርቱን በኢንሳይክሎፒዲያ ለብቻው ርዕስ ይገባዋል ወይ?

ጥያቄ፦ «አጎቴ በደርግ ዘመን ሃምሳ አለቃ ሆነው ሲያገለግሉ በጦር ክፍላቸው መጽሔት ላይ ለዓመታት ተከታታይ ካርቱን ይሥሉ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕሪ ጫማው ሁልጊዜ የሚጠፋበት ምልምል ወታደር ነው። ስለ ካርቱኑ ለዊኪፔዲያ ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ ነገር ግን ‹ለብቻው ርዕስ አይገባውም› ተብሎ እንዲሰረዝ ሐሳብ ቀረበበት። የአሜሪካኖቹ የወታደር ካርቱኖች ሁሉ የየራሳቸው ጽሑፍ አላቸው። የእኛ ለምን ይከለከላል? እርስዎ ዕድሜዎን ከጋዜጣና ከመጽሔት ክምችት ጋር ስላሳለፉ ፍርዱን ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ።» ጠያቂው ከኮምቦልቻ

ምላሽ፦

በቅድሚያ አብሽር። እንዲሰረዝ ሐሳብ የቀረበበት ያንተ ጽሑፍ ነው፤ የአጎትህን ሥራ ማንም አልነካውም። ሁለቱን ለይተህ ካየህልኝ ቀሪው ንግግራችን ይቀላል።

ከጥያቄህ ጋር የላክሃቸውን ገጾች አገላብጫለሁ። ምልምሉ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ በክብር ዘብ ሰልፍ መካከል የቆመበት፣ የመቶ አለቃው ደግሞ ከወገብ በላይ ብቻ እያየ «ጎበዝ!» የሚልበት ሥዕል የለመደ እጅ ሥራ ነው። መስመሩ አይበዛም፤ ቃሉም አጭር ነው። ሹሙም ወታደሩም ሳይዋረዱ ሁለቱም ያስቃሉ፤ በዚያ ዘመን በጦር ሠራዊት መጽሔት ላይ ይህን ማድረግ ቀላል እንዳልነበረ የምታውቀው ይመስለኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚከተለውን በቅሬታ እንዳታነበው ነው። አሁን በእጅህ ባለው ማስረጃ ካርቱኑ በኢንሳይክሎፒዲያ የራሱ ርዕስ አይገባውም። በሌላ ርዕስ ሥር ግን አንድ ሙሉ ክፍል ይገባዋል፤ እንዴት እንደምትጽፈውም እነግርሃለሁ።

ብዙ ሰው ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ መግባትን እንደ ሹመት ያየዋል። ገባ ሲባል ተከበረ፣ ወጣ ሲባል ተዋረደ ይመስለዋል። በወረቀት ዘመን ለዚህ አስተሳሰብ ጥቂት ምክንያት ነበረው። በጀርመን አገር በሀምቡርግ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 ድረስ በ5 ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የቅጽና የገጽ ወሰን ነበረበት፤ የቱ ርዕስ ይግባ፣ የቱ ይቅር የሚለውን አዘጋጆቹ መወሰን ነበረባቸው። ዊኪፔዲያ ወረቀት የለበትም። እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ሲይዝ አማርኛው ገና 15 ሺህ ገደማ ነው። ስለዚህ «ቦታ የለም» ወይም «ትንሽ ነገር ነው» የሚልህ ካለ አትስማው። የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው፦ ስለዚህ ካርቱን ከሠዓሊውና ከአሳታሚው ውጭ የሆነ ሰው፣ ላሳተመው ነገር ኃላፊነት በሚወስድ ኅትመት ላይ፣ ከአንድ መስመር ያለፈ ነገር ጽፏል ወይ? ከጻፈ ያንን ይዘን ርዕስ እንከፍታለን። ካልጻፈ ግን ርዕሱን የምንሞላው በራሳችን አስተያየት፣ በቤተሰብ ትዝታና በመጽሔቱ የራሱ ውዳሴ ይሆናል። አንባቢ ሊያመሳክረው አይችልም፤ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ተቃራኒውን ቢጽፍ የትኛው ልክ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለም።

ስለ አሜሪካኖቹ ያልከው «ሁሉ» የሚለው ቃል ላይ ይሰናከላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሰፈሮችና ክፍሎች የየራሳቸውን ጋዜጣ ያትሙ ነበር። በእነዚያ ጋዜጦች ላይ ይሥሉ ከነበሩት ወታደሮች አብዛኞቹ ዛሬ በየትኛውም ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ የሉም። አንተ ያየኸው የተረፉትን ጥቂቶች ነው፤ ለምን እንደተረፉ ማየት ለጉዳይህ ይጠቅማል።

ቢል ሞልዲንን ውሰድ። በ45ኛው ክፍለ ጦር ጋዜጣ ላይ ነው የጀመረው፤ ጣሊያን ሲዘምት ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ ወደተባለው ትልቁ የጦር ሠራዊት ጋዜጣ ገባ። ዊሊና ጆ የሚባሉት ሁለት እግረኛ ወታደሮቹ ጺማቸው ያልተላጨ፣ ልብሳቸው ጭቃ የጠገበ፣ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ነበር። ጄኔራል ጆርጅ ፓተን እንዲህ ያለ ወታደር በሥዕልም ቢሆን ማየት አልፈለገም፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ሞልዲንን ፊቱ አስቀርቦ ተቆጣው። የበላዩ አይዘንሃወር ግን ካርቱኑ እንዲቀጥል አደረገ። በዚያው ዓመት ሞልዲን ገና በ23 ዓመቱ በአሜሪካ ለጋዜጠኝነት ሥራ የሚሰጠውን የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ ታይም መጽሔትም ዊሊን በሽፋኑ ላይ አወጣው። ሽልማቱን የሰጠው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኩል የሚሠራ ሲቪል አካል መሆኑን ልብ በል። የጦር ሠራዊቱ ለራሱ ሰው የሰጠው ሜዳሊያ ቢሆን ኖሮ ለእኛ ጉዳይ ያን ያህል ክብደት ባልኖረው ነበር።

ሞርት ዎከርም አለ። ቢትል ቤይሊ የሚባለውን ገጸ ባሕሪ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጀምረው ሰነፍ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ወታደር ቤት አስገባው። በ1954 የስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ የቶኪዮ እትም «ለመኮንኖች ያለውን አክብሮት ያሳጣል» በሚል ስሜት ካርቱኑን ከገጹ አወጣው። እገዳው ራሱ ለሲቪል ጋዜጦች ዜና ሆነ፤ ካርቱኑን የሚያትሙት ጋዜጦችም በረከቱ። ያ አዛዥ ዝም ብሎ ቢተወው ኖሮ ውለታውን ባልዋለለት ነበር።

በእነዚህ ሁለቱ ላይ የምታየው ነገር በእኛም አገር ይሠራል። ሹም ያስቆጣ ካርቱን ከራሱ ውጭ ወረቀት ይተዋል፦ የእገዳ ደብዳቤ፣ የጋዜጣ ክርክር፣ የመከላከያ መልስ፣ በኋላም የተመራማሪ ምዕራፍ። ሹም ያስደሰተ ካርቱን ግን በየወሩ ይታተማል፣ ይሳቅበታል፣ ከመጽሔቱ ጋር ይጠረዛል፣ ክፍሉ ሲፈርስም አብሮ ይበተናል። የአጎትህ ካርቱን ሁለተኛው ወገን ነው። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ እንዲያውም ለዓመታት ሳይታገዱ መዝለቃቸው የብልኃታቸው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ቁጣ ብቻውን ግን አይደለም መዝገብ የሚፈጥረው። ዊል አይስነር እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ፣ ማለትም የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በገባበት ዓመት፣ ፒ ኤስ ለሚባለው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የጥገና መጽሔት ለ20 ዓመት ያህል ሣለ። ሥራው ስለ ጂፕ፣ ስለ መሣሪያና ስለ ቅባት ነው፤ ወታደሩ ዕቃው ከመበላሸቱ በፊት እንዲንከባከበው የሚያስተምር ካርቱን። ለመዝገብ የበቃው አይስነር ቀድሞውኑ በሲቪሉ ዓለም የታወቀ ሠዓሊ ስለነበረና የካርቱን ታሪክ አጥኚዎች ይህን የሕይወቱን ክፍል ለብቻው ስላጠኑት ነው። ከቅርቦቹ ደግሞ ማክሲሚሊያን ዩሪያርቴ አለ። በአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ሠራዊት ውስጥ እያለ ተርሚናል ላንስ የሚለውን ካርቱን እ.ኤ.አ. በ2010 በራሱ ድረ ገጽ ጀመረ፤ ማሪን ኮር ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ተቀብሎ አተመው፤ በ2016 በአንድ ትልቅ ሲቪል አሳታሚ ቤት በኩል ሙሉ የሥዕል ልቦለድ አወጣ። በድረ ገጽ ብቻ ቀርቶ ቢሆን ክርክሩ እንደ አንተው በከረረ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ እሱም ገለልተኛነት ነው።

በጽሑፍህ ግርጌ የዘረዘርካቸው ማስረጃዎች አራት ዓይነት ናቸው፦ መጽሔቱ ራሱ፣ የመጽሔቱ የምሥረታ በዓል እትም፣ ከክፍሉ የፖለቲካ መምሪያ የተሰጠ የምስጋና ደብዳቤ፣ እንዲሁም የቀድሞ ወታደሮች በፌስቡክ የጻፏቸው አስተያየቶች። መጽሔቱ ካርቱኑ መኖሩን፣ ማን እንደሣለውና መቼ እንደወጣ በማያጠራጥር መንገድ ያረጋግጣል። ከዚያ አልፎ ካርቱኑ ለሌላ ሰው ምን ትርጉም እንደነበረው መናገር አይችልም፤ ስለራሱ ገጽ የሚመሰክር ነውና። የበዓሉ እትም «በአባላት ዘንድ ከፍተኛ ተወዳጅነት ያተረፈው» ሲል የጻፈው መጽሔቱ ራሱን ያመሰገነበት ነው። የምስጋና ደብዳቤው ለቤተሰብ ማኅደር ወርቅ ነው፤ ግን አለቃ ለበታቹ የጻፈው ነው። የፌስቡኩ አስተያየት ደግሞ ልብ ይነካል፣ አንዳንዱም ጥሩ ጨዋታ አለበት፤ ማን እንደጻፈው ግን ማጣራት አይቻልም፣ ነገም ሊጠፋ ይችላል።

በአሜሪካኖቹም ዘንድ ይኸው መስፈሪያ ይሠራል። አርሚ ታይምስና ማሪን ኮር ታይምስ በስማቸው የጦር ሠራዊቱ ይመስላሉ፤ ባለቤትነታቸው ግን የግል ነው። ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ በተቃራኒው በመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ሥር ሆኖ የአዘጋጆቹ ነፃነት በሕግ አውጪው ምክር ቤት ጥበቃ የተደረገለት ነው። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። የግሉም ጋዜጣ ቢሆን ራሱ ስለሚያትመው ካርቱን ሲጽፍ ሸቀጡን እያስተዋወቀ ስለሆነ ገለልተኛ አይባልም፤ ሌላ ጋዜጣ ስለዚያው ካርቱን ሲጽፍ ግን ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ነገር ይጠማዘዛል። በደርግ ዘመን አዲስ ዘመንም፣ የካቲት መጽሔትም፣ ሬዲዮውም የመንግሥት ነበሩ። አንድ ጥብቅ ሰው ተነስቶ «ሁሉም የአንድ ባለቤት ናቸው፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ገለልተኛ ጽሑፍ የሚባል የለም» ሊል ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንዲህ ከተባለ ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በአገር ውስጥ የተሠራ ሥነ ጥበብ በሙሉ ከመዝገብ ሊወጣ ነው። የእኔ አካሄድ ይህ ነው፦ የጻፈው ሰው በስሙ ጽፏል? ከካርቱኑ አሳታሚ ክፍል የተለየ ዝግጅት ክፍል ነው? ሥራውን ከማመስገን አልፎ ስለ አሣሣሉ፣ ስለ ቀልዱ፣ ስለ አንባቢው የራሱን ነገር ተናግሯል? ሦስቱም ከተሟሉ የመንግሥት ጋዜጣ መሆኑ ብቻውን አይጥለውም። አንድ የየካቲት ጸሐፊ ስለ ወታደር ካርቱኖች ሁለት ገጽ ጽፎ ከሆነና የአጎትህን በስም ከተነተነ፣ እኔ ያንን እቀበላለሁ። በፕሮፓጋንዳ ቋንቋ የተሞላ ከሆነም እቀበለዋለሁ፤ ግን የምጠቅስለት ነገር ያነሰ ይሆናል።

ጽሑፍህ ይሰረዝ ያለው ሰው ሦስት ነጥብ አንሥቷል፤ አንዱን ብቻ ነው የምደግፈው። ማስረጃህ ሁሉ ከባለቤቱ እጅ የወጣ ነው ያለው እውነት ነው፤ እስካሁን የነገርኩህም እሱን ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ግን አልተቀበልኩም።

«በጉግል ፈልጌ አላገኘሁም» ብሏል። የዚያ ዘመን የአማርኛ ጋዜጣና መጽሔት አብዛኛው ገና ወደ ኮምፒውተር አልገባም፤ የገባውም በፎቶ እንጂ በሚፈለግ ፊደል አይደለም። በጉግል አለመገኘት ስለ ጉግል የሚነግርህ ነገር አለ፤ ስለ 1970ዎቹ የሚነግርህ ግን የለም። ፍለጋው መጀመር ያለበት አዲስ አበባ፣ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) እና ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። አሳታሚዎች ቅጂ የማስገባት ግዴታ ስላለባቸው ወመዘክር ያልጠበቅኸውን ነገር ሊሰጥህ ይችላል። እዚህ ወሎ ውስጥ ያለን ነገር ሳስቷል። የደርግ ሠራዊት በ1983 ዓ.ም. ሲፈርስ የየክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ተበተነ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ፣ በከተማውም በኮምቦልቻም ብዙ ወረቀት ጠፋ። የአጎትህ ጥራዝ ሳይነካ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ዋናውን ይዘህ እንዳትሄድ፤ ፎቶ አንሥተህ ፎቶውን ያዝ።

ሁለተኛው «ካርቱን የልጆች ነገር ነው፣ ኢንሳይክሎፒዲያ አይመጥነውም» የሚለው ነው። ይህን የጻፈው ሰው አዲስ አበባ በየሥዕል መሸጫው የሚሰቀለውን የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ሥዕል አይቶ አያውቅም እንዴ? ታሪኩ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ሳጥን ተከፋፍሎ፣ ከላይ ወደ ታች በተርታ፣ በየሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ተደርጎበት ይሣላል። በቅደም ተከተል ሥዕል ታሪክ መንገር ከእኛ ቤት ውጭ የመጣ አይደለም። ስለዚያ ዓይነት ሥዕል የውጭም የአገር ውስጥም አጥኚዎች ጽፈዋል፤ ስለዚህ ኢንሳይክሎፒዲያ ያውቀዋል። የጋዜጣና የመጽሔት ካርቱን ያን ያህል አጥኚ አላገኘም። የጎደለው ጥናት ነው፤ ጉድለቱን የዘርፉ ማነስ አድርጎ ማቅረብ ግን ስንፍና ይመስለኛል።

ታዲያ አጥኚ ያጣው በእኛ ድህነት ከሆነ መስፈርቱን ለእኛ ማላላት አይገባም ወይ? ከሁሉም የከበደኝ ጥያቄ እሱ ነው። ብዙ ቅን ሰዎች «አዎ፣ ይላላ» ይላሉ። እኔ ግን አይላላ እላለሁ። ምክንያቴ ከካርቱኑ ጋር ሳይሆን ከሚከተለው ጋር የተያያዘ ነው። ለአንተ በቤተሰብ ትዝታ በር ከተከፈተ፣ ነገ የአንዱ ጄኔራል ልጅ አባቱ ብቻውን ጦርነት አሸነፈ ብሎ በዚያው በር ይገባል። የጦር ሠራዊት ታሪክ በአገራችን ቁስል ያለበት ርዕስ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ጀግና አለው። የጫማ ቀልድ ማንንም አይጎዳም፤ በሩ ግን ቀልድና ክስ አይለይም። ትክክለኛው መንገድ ጥናቱን ሌላ ቦታ መሥራት ነው፦ በጋዜጣ፣ በመጽሔት፣ በዩኒቨርሲቲ። ከዚያ ኢንሳይክሎፒዲያው ራሱ ይከተላል።

«የራሱ ርዕስ» እና «በሌላ ርዕስ ሥር ያለ ክፍል» የሚለውን ልዩነት ደረጃ አድርገህ እንዳትወስደው አንድ የሠፈርህን ምሳሌ ልስጥህ። ባቲ ከኮምቦልቻ ብዙ አይርቅም፤ የሰኞ ገበያዋን ታውቀዋለህ። ባቲ የሚባል የዜማ ቅኝትም አለ፤ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር አራቱ ዋና ቅኝቶች ከሚባሉት አንዱ ነው። ቅኝቱ ስለ ከተማዋ በተጻፈው ጽሑፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ሆኖ አልቀረም። የሙዚቃ አጥኚዎች ከተማዋን ሳይጠቅሱ ስለ ድምፆቹ አወራረድ፣ ስለ ዘፈኖቹ፣ ስለ ልዩ ልዩ ዓይነቶቹ ጽፈዋልና ራሱን ችሎ የሚቆምበት ነገር አገኘ። አሁን ከአጎትህ ካርቱን ላይ መጽሔቱን አንሣበት። ስለ ካርቱኑ ብቻ የተጻፈ ምን ይቀራል? ዛሬ ምንም። የሚቀር ነገር ሲኖር ለብቻው ይወጣል።

መጽሔቱ ግን ራሱ ርዕስ የለውም፤ እሱም ቢሆን ብቻውን ይከብደዋል። ስለዚህ እኔ የምመክርህ ስለ ኢትዮጵያ ጦር ኃይሎች ኅትመቶች አንድ ሰፋ ያለ ጽሑፍ እንድትጀምር ነው። በንጉሡ ዘመን ወታደርና ዓላማው የሚባል ጋዜጣ ነበር፤ ፖሊሱም ፖሊስና እርምጃው ነበረው። ስለ ኢትዮጵያ ፕሬስ ታሪክ በተጻፉ ጥናቶች ውስጥ እነዚህ ስማቸው ይነሣል፤ ስለዚህ ርዕሱ የሚቆምበት መሠረት አለው። ከዚያ ወደ ደርጉ ዘመን ትሻገርና የአጎትህ ክፍል መጽሔት ይመጣል፤ በእሱም ሥር ካርቱኑ። ለአንባቢ እንዲያውም ይህ ይሻላል። ካርቱኑን ለብቻው ያነበበ ሰው አንድ ቀልድ ያያል፤ በዚህ መልክ ያነበበው ግን ወታደሩ ምን ያነብ እንደነበር፣ ማን ያትምለት እንደነበር፣ ምን እንዲሳቅበት ይፈቀድ እንደነበር ያያል። የካርቱኑን ስም የፈለገ ሰው በቀጥታ ወደዚያ ክፍል እንዲደርስ ማድረግም ይቻላል።

ክፍሉን ስትጽፍ «ዝነኛ»፣ «ተወዳጅ»፣ «ዘመን የማይሽረው» የሚሉትን ሁሉ አውጣ። «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በዚህ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ የወጣ ተከታታይ ካርቱን ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሦስት ሳጥን ይሣላል፤ ገጸ ባሕሪው ጫማው የሚጠፋበት ምልምል ነው» ብለህ ጻፍ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በእትም ቁጥርና በቀን አስደግፍ። ለእንዲህ ዓይነቱ ደረቅ መረጃ መጽሔቱ ራሱ በቂ ማስረጃ ነው። የሠዓሊው የወንድም ልጅ መሆንህንም በውይይት ገጹ ላይ በግልጽ ተናገር። ዝምድና መጻፍ አይከለክልህም፤ ተደብቆ ሲገኝ ግን ያልተሳሳተውንም አንቀጽ ያስጠረጥራል።

ሥዕሎቹን ከጽሑፉ ጋር መጫን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለሥራ አመንጪው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። አጎትህ በሕይወት ስላሉ ጥበቃው አላለቀም። እሳቸው ቢፈቅዱም ሥራው በቅጥር ላይ ሆነው፣ ለአሠሪያቸው መጽሔት የሠሩት ስለሆነ የኢኮኖሚ መብቱ የማን ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ አዋጁ ውል ከሌለ ወደ አሠሪው ያደላል። አሠሪው ደግሞ ዛሬ የለም። ይህን የሕግ ባለሙያ ሳታማክር ሥዕል አትጫን። ጽሑፉ ያለ ሥዕልም ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለህ፤ እሱም አይዘገይም። ከአጎትህ ጋር ቁጭ በልና ድምፃቸውን ቅረጽ። ሰዎች እንዲህ ዓይነት ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉ «እንዴት ጀመሩ? ምን ተሰማዎት?» ብለው ይጨርሳሉ። አንተ ስለ አሠራሩ ጠይቃቸው። ቀለሙና ወረቀቱ ከየት ይመጣ ነበር? ማተሚያ ቤቱ የት ነበር? ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት በስንት ሰው እጅ ያልፋል? የፖለቲካ ኃላፊው እርሳስ ይዞ ያርም ነበር ወይስ ቃል ብቻ ይለውጥ ነበር? ምልምሉ ስም ያልተሰጠው በእሳቸው ፍላጎት ነው ወይስ በትእዛዝ? ሌላ ክፍል ውስጥ የሚሥል የሚያውቁት ሰው ነበር ወይ? እንዲህ ያለው መልስ ለኢንሳይክሎፒዲያ በቀጥታ አይገባም፤ ለጋዜጠኛ ወይም በወሎ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ግን ግማሽ ሥራ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ብቻውን በብዙዎች ዘንድ ደካማ ማስረጃ ነው፤ ከእሱ ተነሥቶ በጥናት መጽሔት የታተመ ጽሑፍ ግን በደንብ ይቆጠራል።

በመጨረሻም ያልታተሙትን ጠይቅ። ለዓመታት የሣለ ሰው የተመለሰበት ሥዕል ይኖረዋል፤ «ይህ አይሆንም» ተብሎ በጠርዙ ላይ የተጻፈበት፣ ወይም ከማስታወሻ ጋር የተላከለት። እሳቸው እንደ ውርደት ቆጥረው ከጥራዙ ለይተው አስቀምጠውት ይሆናል። ካገኘኸው ከታተሙት ሁሉ አስቀድመህ እሱን ፎቶ አንሣ፤ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነና መቼ እንደተጻፈ አጎትህ ሲናገሩ ቅረጽ። ለራሱ ርዕስ አያበቃህም፤ ጋዜጠኛ ወደ ቤታችሁ የሚመጣው ግን ለእሱ ነው።